በስትሮክ የተኙ አባት ወይ እናት ስታስታምሙ ስኳራቸውን እንዴት ትከታተላላችሁ

ሰላም ናችሁ። እኔ ሜዲካል ዋርድ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ይሄን ምጽፈው አባቱ ወይ እናቱ በስትሮክ ተኝተው አልጋ ስር ካርቶን አንጥፎ ለሚያድር አስታማሚ ነው። ስትሮክ ሲባል ሰው ቶሎ ሚጠይቀው ስለ ግፊትና ስለ ሲቲ ስካን ነው፣ ስኳር ግን "እሳቸው እኮ ስኳር የለባቸውም" ተብሎ ይታለፋል፣ ካለባቸው ደሞ "እሱማ የድሮ ነው" ይባላል። ሁለቱም ልክ አይደለም። በተለይ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ስኳሩ በጣም ሲወጣም በጣም ሲወርድም ሊተርፍ ይችል የነበረውን የአንጎል ክፍል ይጎዳል፣ እና እዚህ ላይ አስታማሚ ሊያደርግ ሚችለው ነገር ከሚያስበው በላይ ብዙ ነው።

ከቤት እንጀምር። ፊታቸው ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይ እግር ከከዳቸው፣ አፋቸው ከተሳሰረ መጀመሪያ ሰዓት እዩ። ሚፈለገው እናንተ ያገኛችኋቸው ሰዓት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበት ሰዓት ነው፣ ምክንያቱም የረጋ ደም ሚያሟሟው መድሃኒት ባለበት ሆስፒታል ሚሰጠው ከዛ ሰዓት ጀምሮ እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስትጽፉት ደሞ በሀበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ግልጽ አድርጉት። "3 ሰዓት ላይ ደህና ነበሩ" ብሎ አንዱ ልጅ ተናግሮ ዶክተሩ በፈረንጅ ከሰማው ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል፣ ይሄ ሲሆን በአይኔ አይቻለሁ።

አምቡላንስ ኢትዮጵያ ውስጥ 907 ነው፣ አሜሪካ ያላችሁ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112። እስኪመጣ ቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ካለ ጣታቸውን ወግታችሁ እዩ፣ ከሌለ ግን መለኪያ ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት እየዞራችሁ ጊዜ አታጥፉ። ለምንድነው ሚለካው ካላችሁ፣ የስኳር መውረድ ስትሮክን ቁጭ ብሎ ይመስላል። ግማሽ አካል ይሰንፋል፣ ንግግር ይጠፋል፣ ሰው ይደናበራል፣ ግን አንጎል ውስጥ የተዘጋም የፈሰሰም ደም የለም፣ አንጎሉ የሚበላው አጥቶ ነው እንጂ። አንዴ አንዲት እናት በሸክም ይዘዋቸው መጡ፣ ቀኝ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ልጆቹ እያለቀሱ ነው፣ ስለካቸው ስኳራቸው 38 ነው፣ በጣም የወረደ። 40 ፐርሰንቱን ግሉኮስ በደም ስር ሰጠናቸው፣ ትንሽ ቆይተው "ምን ሆናችሁ ነው ምታለቅሱት?" አሉ። የሁሉም እንዲህ ያልቃል ማለቴ አይደለም፣ ብዙ ከቆየ ጉዳቱ ላይመለስም ይችላል። ግን ሆስፒታል ስትደርሱ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ "ስኳራቸው ተለካ ወይ? ስንት ነው?" ይሁን። የረጋ ደም ሚያሟሟውን መድሃኒት ከመስጠት በፊት ለሁሉም ታካሚ የግድ ሚያስፈልገው የደም ምርመራ ይሄ የጣት ስኳር ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም።

ቤት ስትለኩ ከ70 በታች ከሆነና በደንብ ነቅተው፣ ቁጭ ብለው፣ ያለችግር ከዋጡ ሶስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ካንቀላፉ፣ አፋቸው ከተጣመመ ወይ ምራቃቸው ከተዝረበረበ ግን ማርም ይሁን ለስላሳ ወይም ጸበል በአፋቸው አታፍስሱ፣ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ተቋም በፍጥነት ውሰዷቸው። ስኳሩ ተስተካክሎ ቢነቁ እንኳን ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም፣ በተለይ ግሊቤንክላማይድ (ዳኦኒል ምትሉት) ሚወስዱ ከሆነ፣ ምክንያቱም ይሄ መድሃኒት በሽማግሌ ሰውነት ውስጥ፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ፣ ረጅም ሰዓት ይቆይና ስኳሩን ደጋግሞ ያወርደዋል። ስለዚህ ቤት ያለውን መድሃኒት በሙሉ በፌስታል ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ "ነጯ ክኒን" ሲባል እኛ ምን እንደሆነች አናውቅም።

እሺ አሁን ተኝተዋል። ስኳራቸው 210 ነው ተባለ፣ እናንተ ደሞ "በህይወታቸው ስኳር ኖሮባቸው አያውቅም" ትላላችሁ። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ስኳር በሽታ ድሮም ነበረባቸው ግን ተመርምረው አያውቁም፣ እኛ አገር ይሄ ብዙ ነው። ሁለተኛው አካላችን ሲደነግጥ አድሬናሊንና ኮርቲሶል ሚባሉ ሆርሞኖች ይለቃል፣ ጉበትም ያከማቸውን ስኳር ወደ ደም ይለቀዋል፣ ስኳር ሚያወርደው ሆርሞን፣ ኢንሱሊኑም እንደ ድሮው አይሰራም። ይሄን ሁለተኛውን ደሞ እንዳትንቁት። በፈረንጆቹ 2001፣ 32 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ስራ ወጥቶ ነበር፣ ስኳር በሽታ የሌለባቸው ግን በስትሮክ ሲገቡ ስኳራቸው ከፍ ያለ ሰዎች በዛው ሆስፒታል ወይ በ30 ቀን ውስጥ የመሞት እድላቸው ካልጨመረባቸው 3 እጥፍ ገደማ ነበር። ስኳር በሽታ ያለባቸው ላይ ልዩነቱ በጣም ያነሰ ነበር። በከፊል ከፍ ያለው ስኳር ስትሮኩ ራሱ ትልቅ መሆኑን ሚናገር ምልክት ነው፣ በከፊል ደሞ ራሱ ይጎዳል። ደም በተቋረጠበት ቦታ ዙሪያ ገና ያልሞተ ግን የደከመ ስጋ አለ፣ ኦክስጅን ሳያገኝ ስኳር ብቻ ሲበዛበት ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይረዋል፣ አሲዱ ያቃጥለዋል፣ እብጠትም ይጨምራል፣ የተዘጋው ስር ሲከፈት ደሞ ወደ ውስጥ የመድማት እድሉ ይሰፋል።

ታዲያ ይሄን ያነበበ ሰው ወዲያው "ታዲያ ኢንሱሊን ወግታችሁ 100 አታደርጉትም?" ይላል። እኔም ድሮ እንደዛ ነበር ማስበው። አሜሪካ ውስጥ ሻይን የሚባል ትልቅ ሙከራ ተደርጎ በፈረንጆቹ 2019 ውጤቱ ወጣ፣ 1151 የስትሮክ ታካሚዎች ለሁለት ተከፈሉ፣ አንዱ ወገን ስኳራቸው ከ80 እስከ 130 እንዲሆን በደም ስር ኢንሱሊን ጠበቅ ተደርጎ ተያዘ፣ ሌላው ከ80 እስከ 179 ባለው ላላ ተደርጎ። ከ90 ቀን በኋላ ጥሩ ያገገሙት 20.5 ፐርሰንትና 21.6 ፐርሰንት ሆኑ፣ ማለት ማጥበቁ ምንም አልጨመረም። ስኳራቸው ከ40 በታች የወረደባቸው ግን ጠበቅ ተደርጎ የተያዘባቸው ጋ ብቻ ነበሩ፣ 2.6 ፐርሰንት። ክትትል በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ አንዲት ነርስ ብዙ ታካሚ ምትይዝበት ዋርድ ላይ ስኳር ለማጥበቅ መሞከር ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቡት። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን አብዛኛው ዶክተር ሚይዘው ከ140 እስከ 180 ያለውን ነው፣ ከ180 በላይ ሲቆይ ኢንሱሊን ይጀመራል፣ ከ60 በታች ሲሆን ወዲያው ይታከማል። 165 አይታችሁ "ለምን ዝም አላችሁ?" ብላችሁ ነርሷ ላይ አትቆጡ፣ 165 በዚህ ሰዓት ጥሩ ቁጥር ነው።

እስካሁን የጻፍኩት ቁጥር በኛ አገር መለኪያ፣ በሚሊግራም ነው። ስዊድን ወይ እንግሊዝ ያላችሁ ደሞ ቁጥሩ ሌላ ነው፣ እዛ በሚሊሞል ነው ሚነገረው። ወደኛ ለመቀየር በ18 አባዙት። እህታችሁ ከስቶክሆልም "የአባባ ስኳር 9 ነው" ብላ ብትደውል 162 ማለት ነው፣ ቤተሰቡ ሁሉ ቀነሰ ብሎ እንዳይደነግጥ።

አሁን ወደ አልጋው አጠገብ። ደብተር ያዙ፣ ትንሽዬ ቢሆንም ይበቃል። ሰዓት፣ የስኳሩ ቁጥር፣ ምን በሉ፣ ምን ተወጉ። በቃ አራት ነገር። ለምሳሌ "ማታ 12 ሰዓት፣ 232፣ ግማሽ ኩባያ አጥሚት፣ ኢንሱሊን 6 ዩኒት" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ራውንድ ላይ ዶክተሮቹ ሲመጡ ቻርቱ ላይ የጎደለውን ሰዓት ደብተራችሁ ይሞላዋል፣ ሺፍት ሲቀየር ደሞ ለገባችው ሲስተር ታሳያላችሁ። ብዙ አስታማሚ ይሄን ማድረግ ሰራተኛውን መቆጣጠር ይመስለውና ያፍራል፣ ኧረ በፍጹም፣ እኔ በበኩሌ ደብተር የያዘ ቤተሰብ ሳይ ደስ ነው ሚለኝ። ስትሪፕ (ደሙ ሚነካባት፣ ማሽኑ ላይ ምትሰካው ቁራጭ) ከውጭ ግዙ ከተባላችሁ የማሽኑን ስም አይታችሁ ግዙ፣ የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሰራም፣ ጊዜው እንዳላለፈም እዩ። ከመወጋቱ በፊት ጣታቸውን በውሃና በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ፣ ብርቱካን ልጠው የበሉበት ጣት ላይ የቀረችው ጭማቂ ብቻ ቁጥሩን ሰማይ ታደርሰዋለች፣ በሌለ ስኳር ኢንሱሊን ይወጋሉ ማለት ነው።

ግሉኮስ ስለሚሉት ነገር ትንሽ ልቆይበት ምክንያቱም ሁሌ ያጨቃጭቀናል። እኛ አገር ማንኛውንም በደም ስር ሚገባ ፈሳሽ ግሉኮስ እንላለን፣ ከዛ ቤተሰብ ይመጣና "ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልቀመሱም፣ ግሉኮስ ይሰካላቸው፣ አቅም ያገኛሉ" ይላል፣ ሲከለከልም ችላ የተባሉ ይመስለዋል። ሚሰካላቸው ብዙ ጊዜ ኖርማል ሳላይን ነው፣ የጨው ውሃ። እውነተኛው 5 ፐርሰንት ግሉኮስ አንዱ ሊትር ውስጥ 50 ግራም ስኳር አለው፣ ወደ 12 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው፣ ስኳሩ በአካል ውስጥ ሲቃጠል ደሞ ሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፣ እሱ ያበጠውን አንጎል የበለጠ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ስኳራቸው ካልወረደ በቀር ግሉኮስ አለመሰካቱ ሆን ተብሎ ነው። ከውጭ ገዝታችሁ "ይሄንን ስኩልን" ብላችሁም አታስጨንቁ። በተቃራኒው ደሞ ስኳራቸው ከፍ ብሎ እያለ የግሉኮስ ከረጢት ተንጠልጥሎ ካያችሁ በትህትና ጠይቁ፣ "ሲስተር፣ ይሄ ለምንድነው የተሰካው?" ማለት መብታችሁ ነው።

ቀጥሎ አፍ። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ይቸግራቸዋል፣ እና ማሳል ራሱ ስለሚጠፋ ምግቡ ድምጽ ሳያሰማ ሳንባ ሊገባ ይችላል። መዋጣቸው ሳይፈተሽ አንድ ጠብታ ውሃም አትስጡ፣ ክኒንም ቢሆን። "የመዋጥ ምርመራ ተሰራላቸው?" ብላችሁ ጠይቁ። ከተፈቀደላችሁ በኋላ ደሞ ቁጭ አድርጋችሁ፣ በደህናው ጎን በኩል፣ በትንሽ በትንሹ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ሲበሉ ካሳላቸው፣ ድምጻቸው እርጥብ እርጥብ ካለ፣ ጉንጫቸው ውስጥ ምግብ ከቀረ አቁሙና ንገሩን።

ይሄ ከስኳር ጋ ምን አገናኘው እንዳትሉ። ሳንባ ምች ሲይዛቸው ትኩሳት ይመጣል፣ ስኳሩም አብሮ ይወጣል። በሶስት ቀን ያልነበረ ስኳር በአራተኛው ቀን 280 ከሆነ እኔ መጀመሪያ ማስበው ኢንፌክሽን ነው፣ ደረት፣ የሽንት ቱቦ፣ የጀርባ ቁስል። አውስትራሊያ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ በ19 የስትሮክ ክፍሎች የተሰራ ስራ አለ፣ በፈረንጆቹ 2011 ነው የወጣው፣ ሳንዲ ሚድልተን ሚባሉ የነርሲንግ ፕሮፌሰር የመሩት። ነርሶች ለ72 ሰዓት ሶስት ነገር እንዲጠብቁ ብቻ ነው የተደረገው፣ ትኩሳት፣ ስኳር፣ መዋጥ። በ90 ቀን የሞቱ ወይ የሰው እጅ ጠባቂ ሆነው የቀሩት ይሄ በተደረገበት 42 ፐርሰንት፣ ባልተደረገበት 58 ፐርሰንት ነበሩ። አዲስ ማሽን የለም ውድ መድሃኒት የለም፣ ቴርሞሜትር፣ የጣት ስኳርና የመዋጥ ምርመራ ነው። እኔ በዚህ ስራ ላይ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ልቤን የነካኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እኛም ጋ ሊደረግ ሚችል ነው። ሙቀታቸው 37 ነጥብ 5 ከደረሰ ንገሩን፣ "ብርድ ልብስ ስለበዛ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

ጠያቂ። የኛ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፣ ማንጎ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ሙዝ፣ በማር የተለወሰ ነገር ይዞ ይመጣል፣ እሳቸውም ይሉኝታ ይዟቸው ከሁሉም ይቀምሳሉ። አንድ አባት ጠዋት 170 ነበሩ፣ እሁድ ነው፣ የእድር ሰው መጥቶ ሲጠይቃቸው ዋለና ማታ 460 ሆኑ። የመጣውን ተቀብላችሁ አመስግኑ፣ አስታማሚው ይብላው፣ ለሳቸው ግን ሳትጠይቁን አትስጡ። አጥሚት ከተፈቀደ ስኳርና ማር ሳይገባበት፣ ሻይም ያለ ስኳር። እንጀራ በሽሮ፣ እንቁላል፣ ጎመን፣ እንዴት እንደሚዋጥ ታይቶ ለስለስ ተደርጎ ይቻላል። ምግብ መከልከል ግን አይደለም፣ ሽማግሌ ሰው ሳይበላ ከቆየ አቅሙም አይመለስም ቁስሉም አይድንም።

ኢንሱሊን ከተጀመረ አንድ ነገር አደራ። ኢንሱሊን ከተወጉ በኋላ ካልበሉ ስኳራቸው ይወርዳል። ስለዚህ መርፌው ከመወጋቱ በፊት ምግብ እምቢ ካሉ፣ ካስመለሳቸው፣ ለምርመራ ጾማችሁ ቆዩ ከተባሉ፣ ወይ በአፍንጫ ሚመገቡበት ቱቦ ወጥቶ ከሆነ ነርሷ ሳትወጋ ተናገሩ። ሌሊት ቱቦውን ነቅለውት ማንም ሳያይ ኢንሱሊኑ ተወግቶ የቀረበት ጊዜ አለ፣ ጠዋት ስንደርስ ላብ በላብ ሆነው ነበር።

የሽማግሌ ስኳር ሲወርድ እንደ ወጣት አይንቀጠቀጥም ሁልጊዜ። ዝም ይላሉ፣ እንቅልፍ ያበዛሉ፣ የማያውቁትን ስም ይጠራሉ፣ ይቆጣሉ፣ ወይ ተሽሎ የነበረው እጅ እንደገና ይሰንፋል። አስታማሚ ደሞ "ደክሟቸው ነው፣ ይረፉ" ይላል። ለግፊት ወይ ለልብ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ዓይነት መድሃኒት ሚወስዱ ከሆነ መንቀጥቀጡና የልብ ምቱ ይደበቃል፣ ላቡ ግን ይቀራል፣ ስለዚህ ግንባራቸውንና አንገታቸውን ዳብሱ። ቀዝቃዛ ላብ ካለ፣ ወይ ስትቀሰቅሷቸው እንደ ቀድሞው ካልሆኑ፣ ሌሊት 9 ሰዓትም ይሁን ነርሷን ቀስቅሳችሁ "ስኳራቸውን ለኪልኝ" በሏት። በከንቱ ብትለካ አንድ ስትሪፕ ነው የጠፋው።

ሊወጡ ሲሉ ሚረሳ ጥያቄ አለ፣ "ይሄ ስኳር ከድንጋጤው ነው ወይስ በሽታው አለባቸው?" ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ ሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለት ሶስት ወራት አማካይ ያሳያል፣ 6.5 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ከሆነ ስኳሩ ድሮም ነበር ማለት ነው፣ ከባድ የደም ማነስ ካለ ወይ ደም ከተሰጣቸው ግን ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ዝቅ ካለ ደግሞ ቤት ገብተው ከወር ሁለት ወር በኋላ ጠዋት በባዶ ሆድ ደግማችሁ አስለኩ። ኢንሱሊን ይዘው ከወጡ ሳትሄዱ በፊት ነርሷ ፊት ራሳችሁ ስባችሁ አሳዩ፣ ስንት ዩኒት፣ ከምግብ በፊት ስንት ደቂቃ፣ ሁሉንም በአማርኛ አስጽፉ። ቤት ያለው የድሮ ክኒን ይቀጥል ወይ ይቁም ደሞ በስም በስም ጠይቁ፣ ግሊቤንክላማይዱ ካልቆመ ከኢንሱሊኑ ጋ ተደርቦ ሌሊት ይጥላቸዋል።

አቅማቸው ለደከመ፣ ሌላም በሽታ ላለባቸው ሽማግሌ ኤዋንሲው ከ8 በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ የጎረቤት ልጅ 6 አደረግኩ ስላለ እሳቸውን 6 ለማድረግ አትሩጡ። ጾም ከመጣ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሩ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል፣ በእስልምናም እንደዚሁ ለህመምተኛ ፈቃድ አለ። እሳቸው እምቢ ካሉና ልጹም ካሉ ቢያንስ ኢንሱሊኑ ሰዓቱና መጠኑ በዶክተር ተስተካክሎ ይሁን፣ እንጂ የጠዋቱን መርፌ ወግተው እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ አይቆዩ። ስኳርና ውሃ ደሞ ሁሌ እጃቸው ሚደርስበት ቦታ፣ በደህናው እጅ በኩል አስቀምጡላቸው።